ናፍጣ ወይስ ቤንዚን? ለሊበን ገጠር የሥራ መኪና ስለ መምረጥ

ባለፈው ሴሚስተር መምህራችን «አንባቢ አንብቦ አንድ ነገር የሚወስንበት ጽሑፍ ጻፉ» ሲሉን አብዛኞቹ የክፍሌ ልጆች ስለ ጤና፣ ስለ ትምህርትና ስለ ሥራ ፈጠራ ርዕስ መረጡ። እኔ ርዕስ ሳልመርጥ ርዕሱ ራሱ በስልክ መጣልኝ። ደዋዩ በነገሌ ቦረና የሚኖረው የእናቴ ወንድም ነው። «አንቺ ልጅ፣ የተማርሽ ነሽ፤ እስቲ ጠያይቀሽ ንገሪኝ። ናፍጣ ልግዛ ወይስ ቤንዚን?» አለኝ።

የጠየቀኝ ስለ መኪና ነው። አጎቴ ከነገሌ ወደ ፊልቱ በሚወስደው መንገድ ወጥቶ፣ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ በከብት መሄጃ የሚደረስበት ቦታ ላይ ጥቂት በቆሎና ጤፍ ያርሳል፤ ከብትም አለው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም ዝናቡ በተከታታይ ለአምስት ወቅት ሲቀር ከከብቱ አብዛኛው አለቀ። የተረፉት 14 ናቸው። መኪና መግዣው ገንዘብ የሱ አይደለም፤ ሴት ልጁ አረብ አገር አራት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችው ነው። «ዳግመኛ ድርቅ ቢመጣ ከብቶቹ ውሃ እያለ አይሙቱብህ» ብላ ነው የላከችለት። እንግዲህ ይህን ገንዘብ ተሳስቶ መግዛት ምን ማለት እንደሆነ ልነግራችሁ አያስፈልግም።

ስለዚህ ለአጎቴ የሚሆን መልስ ፍለጋ መጽሐፍ አገላበጥኩ፣ ለእረፍት ነገሌ በሄድኩ ጊዜም ጋራዥ ለጋራዥ ዞርኩ። ከሹፌሮች ጋር ሻይ ጠጣሁ። አንድ ሽማግሌ መካኒክ «አንቺ ጋዜጠኛ ልትሆኚ ነው ወይስ መካኒክ?» እስኪሉኝ ድረስ ጠየቅኳቸው። የተረዳሁትን እነሆ።

በቅድሚያ አንድ የቃል ነገር እናጥራ። በውጭ አገር ጽሑፎች ላይ ቤንዚኑን «ጋዝ» ሲሉት ታገኛላችሁ፤ የአሜሪካኖች አነጋገር ነው። እኛ ጋ ጋዝ ማለት የኩራዝ ላምባ ነው። ይህን ሳያውቅ ተርጉሞ ለገጠር ሰው የሚነግር ጋዜጠኛ ሞተር ሊያስቃጥል ይችላል። ስለዚህ እኔ ቤንዚን እና ናፍጣ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ልዩነቱ ከምኑ ላይ ነው?

የቤንዚን ሞተር ነዳጅና አየርን ቀላቅሎ ይጨምቅና በካንዴላ ብልጭታ ያቀጣጥለዋል። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ አይፈልግም። አየሩን ብቻ ከ16 እስከ 22 እጥፍ ድረስ ያምቀዋል፤ በጣም የታመቀ አየር ደግሞ ይግላል። የብስክሌት ጎማ በእጅ መንፊያ የነፋ ሰው የመንፊያው ጫፍ ሲፋጅ ያውቀዋል፤ ነገሩ እሱው ነው፣ በብዙ እጥፍ አድጎ። በዚያ በጋለ አየር ላይ ናፍጣ በደቃቁ ሲረጭ ያለ ምንም ብልጭታ ራሱ ይቀጣጠላል። ይህንን ሐሳብ ያፈለቀው ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል ሲሆን የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1893 ነው።

ከዚህች ልዩነት ሌላው ሁሉ ይመጣል። ያንን ግፊት ለመቻል የናፍጣ ሞተር ወፍራምና ከባድ ሆኖ ይሠራል፤ ስለዚህ ይወደዳል፣ ግን ዕድሜው ይረዝማል። ነዳጁን በሚገባ ስለሚጠቀምበትና አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን የበለጠ ጉልበት ስለያዘ በአንድ ሊትር ብዙ ይሄዳል። ጉልበቱንም በዝቅተኛ ዙር ይሰጣል። ለምሳሌ በአገራችን ገጠር የሚታወቀው የላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ባለ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ከፍተኛ ጉተታውን የሚሰጠው በደቂቃ 2,200 ዙር ገደማ ላይ ነው። ባለ 2.7 ሊትር የቤንዚን ሃይሉክስ ግን ለዚያ ወደ 4,000 ዙር መድረስ አለበት። ይህ ቁጥር ለወረቀት ብቻ የሚሆን አይምሰላችሁ። በርሜል ሙሉ ውሃ ጭኖ ከወንዝ ዳር አሸዋ ውስጥ የሚወጣ ሹፌር ሞተሩን ማስጮህ አይፈልግም፤ ጎማው ይሽከረከርና ይቀበራል። ቀስ ብሎ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ እየጎተተ መውጣት ነው የሚፈልገው።

የውሃው ሂሳብ

መኪናው የሚፈለግበትን ሥራ ሳያውቁ ስለ ሞተር ማውራት ትርፉ ድካም ነው። እኔና አጎቴ ቁጭ ብለን አሰብነው። በድርቅ ጊዜ በቦረና ልማድ ከብት በሦስት ቀን አንዴ ይጠጣል። አንድ ከብት እንዲያ ቆይቶ ሲጠጣ 50 ሊትር ብንል 14ቱ 700 ሊትር ይጠጣሉ። ባለ 200 ሊትር በርሜል አራት መሆኑ ነው። ለቤትም የሚሆን ይተርፋል። አራት በርሜል ሙሉ ውሃ 800 ኪሎ ነው፤ በርሜሎቹ ራሳቸው፣ ሹፌሩና አንድ ረዳት ሲጨመሩ አንድ ቶን ሊደርስ ምንም አይቀረው። አንድ ተራ ፒክ አፕ የሚችለው እዚያው ገደማ ነው። ስለዚህ አጎቴ «ትንሽ ጭነት» ሲል የነበረው ለመኪናው የመጨረሻ ጭነቱ ሆነ።

ውሃው ያለበት ቦታ ከከብቶቹ 22 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ደርሶ መልስ 44፤ በወር አሥር ጊዜ ቢመላለስ 440 ኪሎ ሜትር። ገበያ ለመሄድና ለሌላ ጉዳይ ጨምረን 500 አልነው።

አሁን የነዳጁን ወጪ እንየው። ድሮ «ናፍጣ ይረክሳል» ይባል ነበር፤ ብዙ ሰው አሁንም የሚለው ይህንኑ ነው። መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን እየቀነሰ መሄድ ከጀመረ ወዲህ ግን ሁለቱ ተጠጋግተዋል። በ2014 ዓ.ም ማብቂያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ቤንዚን በሊትር 47 ብር ከ83፣ ናፍጣ 49 ብር ከ02 ነበር፤ ናፍጣው በለጠ ማለት ነው። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም መጨረሻ ደግሞ ቤንዚን 101 ብር ከ47፣ ናፍጣ 98 ብር ከ98 ሆነ። ስለዚህ ከሊትሩ ዋጋ ልዩነት ይህን ያህል የሚጠበቅ ነገር የለም። ለስሌት እንዲመቸን ሁለቱንም 120 ብር እንያዛቸው። ያነጋገርኳቸው ሹፌሮች በዚያ መንገድ፣ በዚያ ጭነት፣ የቤንዚን ፒክ አፕ በሊትር 8፣ የናፍጣው 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብለውኛል። በ500 ኪሎ ሜትር ቤንዚኑ 62 ሊትር ተኩል፣ ናፍጣው 50 ሊትር ይፈጃል። ልዩነቱ በወር 1,500 ብር፣ በዓመት 18,000 ብር ነው።

የናፍጣው መኪና በ300,000 ብር ይበልጣል ብንል ያንን በነዳጅ ቁጠባ ለመመለስ ከ16 ዓመት በላይ ይፈጃል። ይህን ለአጎቴ ስነግረው ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ ሰው ሁሉ ናፍጣ ናፍጣ የሚለው ለምንድን ነው?» አለኝ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔም እስከዚያ ድረስ መልሱ «ስለሚቆጥብ» ይመስለኝ ነበር። ሌት ተቀን ለሚሠራ አይሱዙና ለአገር አቋራጭ መኪና አዎ፣ ይቆጥባል። በወር 500 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ገበሬ ግን የነዳጅ ቁጠባ ናፍጣ የመግዣ ምክንያት አይሆንም። ምክንያት ካለ ሌላ ቦታ ነው መፈለግ ያለበት፤ እሱም ሲበላሽና ነዳጅ ሲጠፋ በሚሆነው ላይ።

ሲጠፋና ሲበላሽ

ነዳጅ እኛ ጋ የሚመጣው ከጅቡቲ ነው። አዲስ አበባ እስኪደርስ ብቻ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ነገሌ ደግሞ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይቀራል፤ ዶሎ አዶ ከዚያም ይርቃል። ቦቴ ከዘገየ ማደያው ይደርቃል። ከተማ ያለ ሰው ወረፋ ይጠብቃል። ገጠር ያለ ሰው ግን ቀድሞ በጀሪካን ወይም በበርሜል ካላስቀመጠ ከብቱ ውሃ ጥም ይይዘዋል። (በጀሪካን መቅዳት በሕግ የተጠበበ ነገር ነው፤ በ2017 ዓ.ም የወጣው የነዳጅ ውጤቶች ግብይት አዋጅም ቅጣቱን ከበድ አድርጎታል። ስለዚህ ከወረዳው ፈቃድ መጠየቅ ይገባል፤ አጎቴም የሄደበት መንገድ ይኸው ነው።)

ማስቀመጡ ላይ ናፍጣ በግልጽ ይሻላል። ቤንዚን በቆላው ሙቀት ከጀሪካኑ ውስጥ ይተናል። ትነቱ ደግሞ እሳት ይጠራል፤ ከማንኛውም የአየር ጠባያችን በታች በሆነ ቅዝቃዜ እንኳ ብልጭታ ካገኘ ይያያዛል። ናፍጣ ለዚያ ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት። ልጆች በሚጫወቱበት፣ ምሽት ኩራዝ በሚበራበት ጎጆ ውስጥ የቤንዚን በርሜል ማስቀመጥ እኔ ለማንም አልመክርም። ይህ ለኔ ከሁሉ የበለጠ ምክንያት ነው፤ ግን ጋራዥ ውስጥ ማንም አላነሳልኝም። ያነሳችው የአጎቴ ሚስት ናት፤ «የት ልታስቀምጠው ነው?» ብላ።

በሌላ በኩል ቤንዚን በችርቻሮ ቶሎ ይገኛል። በየከተማው መግቢያ በሃይላንድ ተሞልቶ የሚሸጠውን ታውቁታላችሁ፤ ባጃጅና ሞተር ሳይክል ስለበዛ ነው። ዋጋው ግን ከማደያው ጋር አይገናኝም፤ ውስጡ ምን እንደተቀላቀለበትም ሻጩ ብቻ ነው የሚያውቀው።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ለእረፍት በሄድኩ ጊዜ በጎረቤት የናፍጣ ፒክ አፕ ወደ አጎቴ ቦታ ስንሄድ መሀል ጫካ ላይ ነዳጅ አለቀ። ሹፌሩ ከኋላ ካሶኒ ላይ ጀሪካን አወረደና ሞላ። አስነሳ፤ እምቢ። ለካስ የናፍጣ መኪና እስከ መጨረሻው ደርቆ ሲቆም ቧንቧው አየር ይይዛል፤ አየሩ ካልወጣ አይነሳም። ፊልትሮው አጠገብ ያለችውን የእጅ ፖምፓ እየጫነ፣ ቡሎን እያላላ፣ አረፋው አልቆ ንጹሕ ናፍጣ እስኪወጣ ድረስ አርባ ደቂቃ ቆየን። በመሀል አንድ ወጣት ሞተሩ ነዳጅ ጨርሶ አጠገባችን ቆመ፤ ከቦርሳው ግማሽ ሃይላንድ ቤንዚን አውጥቶ ጨመረ፣ አንድ ጊዜ ረገጠው፣ ሄደ። እጁን እያወዛወዘልን። ሹፌራችን ያለውን እዚህ አልጽፈውም።

ነገር ግን ያው ሹፌር ሌላም ነገር አሳየኝ። በማግስቱ ባትሪው ሞቶ ሞተሪኖው ዝም ሲል አራት ሆነን ገፋነውና ተነሳ፤ ከዚያ በኋላ ባትሪ የሚባል ነገር ሳይፈልግ ሲሠራ ዋለ። የድሮው የናፍጣ ሞተር ከተነሳ ወዲያ ኤሌክትሪክ ብዙም አይፈልግም። ካንዴላ የለውም፣ የካንዴላ ገመድ የለውም፤ ስለዚህ ጎርፍ ሲሻገር ውሃ ቢረጭበት አይጠፋም። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ውሃው በአየር መሳቢያው ገብቶ ፒስተኑ ጋ ከደረሰ የናፍጣ ሞተር ከቤንዚኑ ይልቅ ክፉኛ ይሰበራል፤ ውሃ አይታመቅምና። ሃርድቶፖቹ ከጎናቸው ወደ ላይ የሚወጣ የአየር ቱቦ የሚገጠምላቸው ለዚሁ ነው።

የድሮው የቤንዚን መኪናም የራሱ የቆላ በሽታ አለው። ካርቡራተር ያለው ከሆነ እንደ ዶሎ ባለ ሙቀት ቤንዚኑ ገና ቧንቧው ውስጥ ይተንና ሞተሩ እያነቀው ይቆማል። ሹፌሮች ፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ የሚጠመጥሙት ለዚህ ነው። ኢንጀክሽን ያላቸው አዳዲሶቹ ላይ ይህ ችግር ብዙም አይታይም።

ናፍጣ ሁሉ አንድ አይደለም

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው፤ ይህንን ብቻ አንብባችሁ ሌላውን ብትዘሉ አይከፋኝም። «ናፍጣ ጠንካራ ነው» የሚለው ወሬ የመጣው ከድሮዎቹ ነው። አባቶቻችን ከሚያወሩለት ከፊያት ኤንትሬ፣ ከሃርድቶፑ፣ ሜካኒካል ፖምፓ ካላቸው ሃይሉክሶች ነው። እነዚህ ፖምፓቸው በሞተሩ ጥርስ የሚዞር ብረት ነው፤ ኮምፒዩተር አያውቅም። ዲፎርዲ እየተባሉ የሚጠሩት አዳዲሶቹ ግን ኮመን ሬል በሚባል ዘዴ ናፍጣውን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት፣ በኮምፒዩተር ትእዛዝ ነው የሚረጩት። ጉልበታቸውም ቁጠባቸውም ከድሮዎቹ ይበልጣል፤ ድምፃቸውም ለጆሮ አይከብድም። ናፍጣው ንጹሕ ከሆነ ማለት ነው። ከዝገት በርሜል የተቀዳ፣ ሌሊት ቀዝቅዞ ውሃ ያዘለ ናፍጣ ሲገባባቸው መርጫቸው ይበላል። ያኔ የሰፈር መካኒክ በመፍቻ የሚያደርገው ነገር የለም፤ ኮምፒዩተር ያለው ጋራዥ ድረስ በሌላ መኪና ተጭኖ መሄድ ነው። የሚጠየቀው የጥገና ዋጋም ላም ያሸጣል።

ሽማግሌው መካኒክ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ መኪና ከመግዛትሽ በፊት የሚጠግነውን ሰው አግኚ። ሰውዬው የሚያውቀውን መኪና ግዢ።» እሳቸው ሥራውን የለመዱት በልጅነታቸው ሲሆን የሚያውቋቸው ዕቃዎች ሁሉ ስማቸው ጣሊያንኛ ነው፦ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ካላማዳሪያ፣ ማርሚታ። ናፍጣ የሚለውም ራሱ ከዚያው የመጣ ነው። የአዲሱ መኪና ዕቃ ግን ለሳቸው ስም የለውም፤ «ያቺ ሽቦ ያለባት» ይሉታል። ስም ያላወጡለትን ዕቃ መጠገን ይከብዳል መሰለኝ።

የተበላሸ ዕቃ ነገር ነገሌ ላይ ቀልድ አይደለም። በጥር 1966 ዓ.ም እዚያ የሰፈረው ጦር ያመፀው ምግቡ ከፍቶበት፣ የውሃ ፓምፑም ተበላሽቶ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ አናስቀዳም ስላሉት ነው። ሊያረጋጉ የተላኩት የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለ ተይዘው የወታደሩን ምግብና ውሃ እንዲቀምሱ ተደረጉ። የዚያ ዓመት አብዮት ከጀመረባቸው ምልክቶች አንዱ ሆኖ በታሪክ ተጽፏል። የታሪክ ትምህርት ክፍል ጓደኞቼ «ምክንያቱ ሰፊ ነው» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ልክ ናቸው። እኔ የማነሳው ፓምፑን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ «የኤሌክትሪክ መኪናስ?» የሚል አይጠፋም። ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር 2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል፤ ከዚያም በፊት በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። እንደ አጎቴ ላለ ሰው እንግዲህ የቀረው አገር ውስጥ ካሉት ያገለገሉ መኪኖች መምረጥ ነው፤ የገዛውንም ለረጅም ጊዜ ነው የሚይዘው። የሚገርመው በ2012 ዓ.ም የተመረቀው፣ 254 ሜጋዋት የሚያመነጨው የገናሌ ዳዋ 3 ግድብ ከነገሌ ብዙም አይርቅም። ኃይሉ በደጃችን ያልፋል። የአጎቴ ጎጆ ግን መብራት የለውም፤ መኪናውን ምን ላይ ይሰካዋል?

ቤንዚን ለማን ይሻላል?

ናፍጣን አወደስኩ መሰለኝ። ስለዚህ በግልጽ ልናገር፦ ነገሌ ከተማ ወይም ዶሎ ውስጥ ለሚኖር፣ ማሳው ቅርብ ለሆነ፣ የሚጭነው ወተት፣ ጥቂት ከረጢት እህልና ሰው ብቻ ለሆነ፣ ቤንዚን ይሻላል። መግዣው ይቀንሳል፤ ጠዋት ቶሎ ይነሳል፤ ካንዴላና ፊልትሮ መቀየር ማንም ይችላል፤ ጭሱም ያን ያህል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ጭስን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተራ መድቦታል። በሳምንት ሁለቴ አጭር መንገድ ለሚሄድ ሰው የናፍጣ ሞተር ሳይሞቅ እየጠፋ ጥላሸት ማጠራቀም ነው ትርፉ። ለዚያ ዓይነቱ ሥራ ባለ ሦስት እግሩ የጭነት ሞተርም ይበቃል።

ግዢው

አጎቴ ሽማግሌውን መካኒክ ይዞ መኪና ሊያይ ሌላ ከተማ ወረደ፤ እኔም ተከተልኩ። የመጀመሪያው የሚያምር ነው። ነጭ፣ አዲስ ቀለም፣ ዲፎርዲ፤ አጎቴ ዓይኑን መንቀል አልቻለም። መካኒኩ ገና ሰላም ሳይሉ የሞተሩን ክዳን በመዳፋቸው ነኩት። ሞቋል። «ጠዋት ገበያ ሄጄበት ነው» አለ ሻጩ። መካኒኩ «እንግዲያው ነገ ጠዋት ሳትሄድበት እንመጣለን» አሉት። በማግስቱ ቀዝቅዞ ሲነሳ ነጭ ጭስ ግቢውን ሞላው። የናፍጣ መኪና የሚታየው ቀዝቃዛ ሳለ ነው፤ ከሞቀ በኋላ በሽታውን ይደብቃል። ነጭ ጭስ ናፍጣው በደንብ እንዳልተቃጠለ ወይም ውሃ እንደገባ ይናገራል፤ ሰማያዊ ዘይት መብላቱን፤ ጥቁር ደግሞ አየር ማነሱን ወይም ናፍጣ መብዛቱን። ከዚያም ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው መዳፋቸውን ዘረጉበት፤ ከውስጥ የሚወጣው ትንፋሽ እጃቸውን ገፋው። ፒስተኑ ተበልቷል ማለት ነው። ሻጩን አመስግነን ወጣን።

ሁለተኛው መልኩ ያስጠላል። ባለ 3 ሊትር የናፍጣ ሃይሉክስ፣ ቱርቦ የለው፣ ኮምፒዩተር የለው። በሩ ላይ የድሮ ድርጅት ጽሑፍ ተፍቆ ጥላው ቀርቷል። ዳገት ላይ ቀስ ይላል፤ መካኒኩም «ይሄ አይቸኩልም፤ አንተም አትቸኩልም» አሉት ለአጎቴ። ቀዝቅዞ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳ፤ ትንሽ ጠቆረና ጠራ። ኋላ ያለው ባሌስትራ አንድ ቅጠል ተሰብሯል፤ በዚያ ከዋጋው ቀነሱ። የልጁ ገንዘብ ገዝቶት ለባሌስትራው፣ ለአራት ጎማና ለሁለት ፊልትሮ ተረፈ።

ለአጎቴ በወረቀት የጻፍኩለት ሦስት ነገር ብቻ ነው። ናፍጣ ከበርሜል ሲቀዳ በንጹሕ ጥብቅ ጨርቅ እያጣራ፣ የበርሜሉን የመጨረሻ አንድ ጣት ያህል ሳይነካ እንዲተወው፤ ውሃና ዝቃጭ የሚተኛው እዚያ ነውና። ከፊልትሮው ሥር ያለውን ውሃ መለያ በየሳምንቱ ከፍቶ እንዲያስወጣ። የሞተር ዘይቱን ደግሞ መካኒኩ ባሉት ኪሎ ሜትር ሳያሳልፍ እንዲቀይር፤ አቧራና ጥላሸት የናፍጣ ዘይት ቶሎ ይገድሉታል።

ከመመለሴ በፊት በነበረው ቀን አንድ ሥራ ቀረን። መኪናውን ጎረቤት ሁሉ መዋሱ አይቀርም፤ ከጎረቤቶቹ አንዱ ባጃጅ ነጂ ነው፣ እጁ የለመደው ቤንዚን ነው። የናፍጣ ታንከር ውስጥ ቤንዚን የጨመረ ሰው ፖምፓውን ይፈጃል። አጎቴ ቀይ ቀለምና ብሩሽ አምጥቶ «ጻፊ» አለኝ። በነዳጅ መሙያው ክዳን ዙሪያ በአማርኛ «ናፍጣ» ብዬ ጻፍኩ። በኦሮምኛም እንዲጻፍ ፈለገ፤ ጎረቤቱን ጠየቅነው፣ «ናፍጣ ነው፤ ያው ነው» አለን። በሱማሌኛስ ብለን የሱቅ ባለቤቱን ጠየቅነው። «ናፍቶ» አለ። አጎቴ ትንሽ አሰበና «እሱንም ጨምሪው፤ ቦታ አለ» አለኝ። ጨመርኩት።